የቤት ደላላ

የቤት ደላላ ቤቱን መሸጥ ወይም ማከራየት የሚፈልግን ሰው ቤት ፈላጊ ከሆነ ሰው ጋር በክፍያ የሚያገናኝ ሰው ወይም ድርጅት ነው። ደላላው ንብረቱን በራሱ ስም አይገዛም፣ አይሸጥምም። ሥራው ሁለቱን ወገኖች ማገናኘት፣ ቤቱን ማሳየትና በዋጋ ማስማማት ሲሆን፣ ስምምነቱ ሲሳካ ኮሚሽን ይከፈለዋል። በኢትዮጵያ ከተሞች፣ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ጀምሮ እንደ ሁሩታ እስካሉት አነስተኛ የአርሲ ከተሞች ድረስ፣ ብዙ ቤት የሚሸጠው በደላላ አማካይነት ነው።

ለብዙ ቤተሰብ ቤት ከንብረቱ ሁሉ ትልቁ ነው። የሚሸጠውም አንድ ጊዜ ነው፤ ሻጩ ልምድ የለውም፣ ደላላው ግን በየወሩ ይሠራበታል። በዚህ ምክንያት የደላላው ሥራ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ መለየት ለሻጩ ጠቃሚ ነው። ደላላ ገዢ ያመጣል። ሽያጩን በሕግ ፊት የሚያጸናው ግን በሚመለከተው አካል ፊት የተፈረመ ውልና በመዝገብ የተፈጸመ የስም ዝውውር ነው።

ስያሜ

«ደላላ» የሚለው ቃል መነሻው ዐረብኛ ሲሆን፣ አመልካች፣ መንገድ አሳይ፣ አገናኝ የሚል ትርጉም አለው። ሥራው «ድለላ»፣ ክፍያው «የድለላ» ወይም «ኮሚሽን» ይባላል። በአማርኛ ንግግር ቃሉ አንዳንድ ጊዜ የማታለል ትርጉም ስለሚሰጠው፣ በሥራው ያሉ ሰዎች «የኮሚሽን ሠራተኛ»፣ «አገናኝ» ወይም «ኤጀንት» መባልን ይመርጣሉ። የሪል ስቴት ኩባንያዎች የራሳቸውን ቤት እንዲሸጡ የሚቀጥሯቸው «ሴልስ» የሚባሉት ሠራተኞች ግን በትክክለኛው አነጋገር ደላላ አይደሉም፤ የሚሠሩት ለአንድ ወገን፣ ለኩባንያው፣ ብቻ ነውና።

በሕግ ረገድ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደላላን ከንግድ ረዳቶች አንዱ አድርጎ ደንግጎት ነበር። በዚያ ሕግ አንቀጽ 56 መሠረት ደላላ ማለት በገለልተኝነት፣ በሙያ ሥራነትና ጥቅም ለማግኘት፣ እንደ ሽያጭ፣ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ያሉ ውሎች እንዲደረጉ ተዋዋዮችን ፈልጎ የሚያገናኝ ሰው ነው። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። ድለላ የንግድ ሥራ በመሆኑ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በተግባር ግን ያለ ፈቃድና ያለ ቢሮ፣ በስልክ ብቻ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ ድለላ ከከተማ ቤት ይልቅ በከብት፣ በእህልና በሸቀጥ ገበያ የቆየ ሥራ ነው። ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው የኢትዮጵያ የእህል ገበያ ጥናታቸው፣ በተራራቁ ከተሞች ያሉ ነጋዴዎች ደላላ የሚጠቀሙት የንግድ ሸሪክ ለመፈለግ የሚያወጡትን ጊዜና ወጪ ለመቀነስ መሆኑን አሳይተዋል። የቤት ደላላም መሠረታዊ ጥቅም ይኸው ነው። የዋጋ መረጃ በአደባባይ በማይገኝበት ገበያ፣ ማን እንደሚሸጥና ማን እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው ዋጋ አለው።

የከተማ ቤት ገበያ በ1967 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ ደረሰበት። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ። የተወረሱት ቤቶች እንደ ኪራያቸው መጠን በቀበሌዎችና በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። «የቀበሌ ቤት» እና «ኪራይ ቤቶች» የሚሉት ስሞች ዛሬም በከተሞች የሚሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው። በግል የሚሸጥና የሚከራይ ቤት ሲያንስ ደላላውም የሚሠራበት መስክ ጠበበ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ቤት ግንባታና ኪራይ እየተስፋፋ ሲሄድ ድለላም ተመልሶ ተስፋፋ። የማኅበር ቤቶችና የሪል ስቴት ኩባንያዎች ቤቶች፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የኮንዶሚኒየም ቤቶች ወደ ገበያው ገቡ። ሞባይል ስልክ፣ ቀጥሎም የቴሌግራም ቻናሎችና የማስታወቂያ ድረ ገጾች ሲመጡ ደላላው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ ሰው ፎቶና ቪዲዮ ወደሚያሰራጭ ሰው ተለወጠ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል ስቴት ልማትን፣ ግብይትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ «ቤት መሸጥ» ማለት በሌሎች አገሮች ካለው ትርጉም የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም እንደማይሸጥ ይደነግጋል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለውና ይህን መብት የመሸጥና የማውረስ ሥልጣን እንዳለው ያረጋግጣል። ስለዚህ ሻጩ የሚያስተላልፈው ቤቱን ሲሆን፣ የቦታው የመጠቀም መብት ከቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህ ልዩነት በዋጋ ላይ ውጤት አለው። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። አዋጁ ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግንባታው ከግማሽ ሳይደርስ የሚደረግን የሊዝ መብት ዝውውርም በተለየ ቁጥጥር ሥር አድርጎታል። በዚህ ምክንያት «ባዶ ቦታ በደላላ ተሸጠ» የሚባለው ውል ብዙ ጊዜ ከሕግ ጋር ይጋጫል።

ደላሎች በማስታወቂያቸው የሚለዩዋቸው የይዞታ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- ካርታ ያለው ቤት፦ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወይም ካርታ የተሰጠው፣ በነባር ወይም በሊዝ ይዞታ ላይ ያለ ቤት።
- የኮንዶሚኒየም ቤት፦ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር የጋራ ሕንፃ ላይ ያለ የግል መኖሪያ። በመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራም ለተላለፉት ለተወሰኑ ዓመታት ያለመሸጥ ገደብ አለባቸው።
- የማኅበር ቤት፦ በኅብረት ሥራ ማኅበር የተሠራ፣ ካርታው በማኅበሩ ወይም በአባሉ ስም ያለ ቤት።
- የጨረቃ ቤት፦ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት። ካርታ ስለሌለው ስም ማዛወር አይቻልም።
- የገበሬ ይዞታ፦ በከተማ ዳር ያለ የእርሻ መሬት። መሬቱ ስለማይሸጥ በደላላ የሚደረገው «ሽያጭ» ገዢውን ባለመብት አያደርገውም።

የደላላው ሥራ

ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው የሰፈሩን ደላላ ነው። ደላላው ቤቱን አይቶ የሚጠየቅበትን ዋጋ ይገምታል። ግምቱን የሚያወጣው በቅርቡ በአካባቢው ከተሸጡ ቤቶች፣ ከቦታው ስፋት፣ ከአስፋልት ርቀት፣ ከውኃና ከመብራት፣ እንዲሁም ከካርታው ዓይነት ነው። ከዚያም ማስታወቂያ ያወጣል፣ ለሌሎች ደላሎች ይነግራል፣ ፈላጊዎችን ያመጣል።

በአንድ ሽያጭ ከአንድ በላይ ደላላ መኖሩ የተለመደ ነው። ከሻጩ ጋር የሚተዋወቀው «የሻጭ ደላላ»፣ ገዢውን የሚያመጣው «የገዢ ደላላ» ይባላል፤ በመካከላቸው ሌሎች አገናኞችም ይኖራሉ። እያንዳንዱ ከኮሚሽኑ ድርሻ ስለሚጠብቅ፣ ስንት ሰዎች እንዳሉበትና የሁሉንም ክፍያ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ካልተነገረ በመጨረሻው ቀን ክርክር ይነሣል።

ደላላው የማይሠራቸው ሥራዎችም አሉ። የካርታን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው የከተማው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። ውልን የሚያረጋግጠው ሰነድ አረጋጋጭ አካል ወይም ፍርድ ቤት ነው። ግብርን የሚያሰላው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። «ሁሉንም እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ የሚያደርገው በእነዚህ ቢሮዎች መመላለስ ነው፤ የእነርሱን ሥልጣን አይተካም።

ኮሚሽን

የቤት ሽያጭ ኮሚሽን በአብዛኛው በመቶኛ ይሰላል። በተለምዶ የሚጠራው ከሽያጩ ዋጋ 2 በመቶ ሲሆን፣ ከሻጭም ከገዢም ለየብቻ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። መጠኑ በድርድር የሚወሰን ነው፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር መቶኛው ዝቅ ሊል ይችላል።

መቶኛ ኮሚሽን ደላላውንና ሻጩን በአንድ ጥቅም ያስተሳሰራቸው ይመስላል፤ ቤቱ በውድ ሲሸጥ ደላላውም የበለጠ ያገኛልና። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ለምሳሌ 3,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት በ2 በመቶ ሲሰላ ኮሚሽኑ 60,000 ብር ይሆናል። ሻጩ 100,000 ብር ቢቀንስ ቤቱ በዚያው ሳምንት የሚሸጥ ከሆነ፣ ደላላው የሚያጣው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ ሻጩ ግን ለደላላው የሚቀርለት 2,000 ብር ተቀንሶ 98,000 ብር ያጣል። ለደላላው ሌላ ገዢ ፍለጋ ሁለት ወር ከመልፋት 2,000 ብር መተው ይሻለዋል። ስለዚህ «ቀንስና ይሸጥ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ውሸት ባይሆንም፣ ከማን ጥቅም አንጻር እንደተነገረ ማሰብ ያስፈልጋል።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ 100,000 ያህል ቤቶችን መርምረዋል። የቤት ኤጀንቶች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት ይልቅ 10 ቀን ያህል አቆይተው፣ 3.7 በመቶ ያህል በሚበልጥ ዋጋ ይሸጡ እንደነበር አሳይተዋል። ለራሳቸው ሲሆን ይታገሣሉ፤ ለሌላው ሲሆን ይቸኩላሉ።

ሌላው የክፍያ ዓይነት «የተጣራ ዋጋ» ነው። ሻጩ «ለእኔ ይህን ያህል ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የአንተ ነው» ይላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሻጩ ስለ ቤቱ እውነተኛ ዋጋ የሚያውቀው ከደላላው ከሆነ ዋጋው ዝቅ ብሎ ሊነገረው ይችላል፤ 3,000,000 ብር የተባለው ቤት 3,400,000 ብር ቢሸጥ ደላላው 400,000 ብር ማለትም ከሽያጩ 11 በመቶ በላይ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ደላላው ሻጭና ገዢ በግንባር እንዳይነጋገሩ የማድረግ ፍላጎት ያድርበታል። ሦስተኛ፣ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ የቱ ይሁን የሚል ጥያቄ ይነሣል። ትንሹ ዋጋ ከተጻፈ ገዢው ውሉ ቢፈርስ ልዩነቱን ማስመለስ ይቸገራል፤ ትልቁ ከተጻፈ ሻጩ እጁ ባልገባ ገንዘብ ግብር ሊጠየቅ ይችላል።

በሁሩታና በአዳማ

ሁሩታ በኦሮሚያ ክልል በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ስንዴና ገብስ የሚመረትበት ነው። ከሰሜኗ የስምጥ ሸለቆዋ አዳማ ስትኖር፣ የዞኑ ዋና ከተማ አሰላ በደቡብ ትገኛለች። አዳማ፣ በቀድሞ ስሟ ናዝሬት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በፍጥነት መንገድና በባቡር ከዋና ከተማዋ ጋር የተገናኘች ትልቅ የንግድ ከተማ ናት።

የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ድለላ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ይጠቅማል። እንደ አዳማ ባለ ከተማ ገዢዎች ከአዲስ አበባ፣ ከሌሎች ክልሎችና ከውጭ አገር ይመጣሉ፤ ደላሎች ብዙ ናቸው፤ ሻጩ ለአምስት ደላላ ነግሮ ውድድር መፍጠር ይችላል። ብዙ ሽያጭ ስለሚካሄድ ዋጋ ማነጻጸር ቀላል ነው። በአንጻሩ ሻጩና ደላላው አይተዋወቁም፤ የደላላው ስም ቢጎድፍ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዶ መሥራት ይችላል።

እንደ ሁሩታ ባለች ከተማ ነገሩ ይገለበጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ሰፈር የሚሸጠው ቤት ጥቂት ስለሆነ «የገበያ ዋጋ» የሚባለው በጥቂት ምሳሌዎች ላይ የቆመ ነው። በእርሻ በሚተዳደር አካባቢ ገንዘብ የሚዘዋወረው አዝመራ ተሰብስቦ ከተሸጠ በኋላ በመሆኑ፣ ቤት ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው በክረምት ገዢ ሊያጣ ይችላል። ደላላው ግን የሚታወቅ ሰው ነው፤ በዕድር፣ በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ይገኛል። ያጭበረበረ ደላላ ስሙ ስለሚነሣ ሥራው ይቆማል። ይህ መተዋወቅ እንደ ዋስትና ያገለግላል፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። «እኔን አታምነኝም ወይ?» በሚል ይሉኝታ ብዙ ነገር በጽሑፍ ሳይሰፍር ይቀራል።

በትናንሽ ከተሞች ብዙ ቤት ለገበያ የሚቀርበው ወላጆች ሲሞቱ ወይም ልጆች ወደ አዳማ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሲሄዱ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ደላላው የሚነጋገረው ቤቱ ውስጥ ካለው ወንድም ወይም እህት ጋር ብቻ ሊሆን ይችላል። በሕግ ግን የውርስ ቤት የሚሸጠው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወራሾች ሁሉ ሲስማሙ ነው። አንድ ወራሽ ሳያውቅ የተደረገ ሽያጭ ከዓመታት በኋላም ወደ ፍርድ ቤት ሊመጣ ይችላል።

በኦሮሚያ ከተሞች የቋንቋም ጉዳይ አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በክልሉ ቢሮዎች የሚዘጋጁ ማስረጃዎች በዚሁ ቋንቋ ይሆናሉ። ቋንቋውን የማያነብ ሻጭ ወይም ገዢ የሚፈርመውን ሰነድ ኮሚሽን በሚቀበለው ደላላ ብቻ ከማስተርጎም ይልቅ ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው እንዲያነብለት ማድረጉ የተሻለ ነው። በቆዩ ሰነዶች ላይ ደግሞ ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት ወይም ዝዋይ የሚሉ ስሞች ሊገኙ ይችላሉ፤ እነዚህ የአዳማ፣ የቢሾፍቱና የባቱ የቀድሞ ስሞች ናቸው።

ከደላላ ጋር የሚደረግ ውል

ሻጭና ደላላ የሚስማሙት አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። የቃል ስምምነት በሕግ ዋጋ ባያጣም፣ ክርክር ሲነሣ ማስረዳት ያስቸግራል። አጭር የጽሑፍ ስምምነት የሚከተሉትን ቢይዝ አብዛኛውን ጠብ ያስቀራል፦

- የኮሚሽኑ መጠን፣ በመቶኛ ወይም በተቆረጠ ብር፤
- ኮሚሽኑ የሚከፈልበት ጊዜ፤ ቀብድ ሲከፈል፣ ውል ሲፈረም ወይስ ስም ሲዛወር፤
- ከገዢው ወገን ያሉትን ደላሎች የሚከፍለው ማን እንደሆነ፤
- ስምምነቱ ለአንድ ደላላ ብቻ የተሰጠ መሆን አለመሆኑና የሚያበቃበት ቀን፤
- ሻጩ ራሱ ያገኘው ገዢ ቢገዛ ኮሚሽን ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለው፤
- ሻጩ የማይወርድበት ዝቅተኛ ዋጋ፣ ለገዢ እንደማይነገር ተጠቅሶ።

ከሁሉም የሚከፋው ጠብ የሚነሣው በክፍያው ጊዜ ነው። ደላላው ቀብድ በተከፈለ ቀን ሙሉ ኮሚሽኑን ከተቀበለ፣ ሽያጩ ቢፈርስ ሻጩ ገንዘቡን ለማስመለስ ይቸገራል። ብዙ ሻጮች ውል ሲፈረም ግማሹን፣ ስም ሲዛወር ቀሪውን የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

ውክልና

ደላላ ማገናኘትና ውክልና የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደላላው በሻጩ ስም ውል የመፈረም ሥልጣን የለውም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2200 መሠረት ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ የሚያዝ ከሆነ የውክልና ሥልጣኑም በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ከአንቀጽ 2203 እስከ 2205 ያሉት ደግሞ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋሉ። ስለዚህ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ወረቀት ቤት አያሸጥም፤ «እንዲሸጥ» የሚል ግልጽ ቃል ያስፈልገዋል።

በውጭ አገር የሚኖር ባለቤት ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስረጋግጦ ይልካል፤ ሰነዱ በኢትዮጵያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነድ አረጋጋጭ አካል በኩል ያልፋል። ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው ወይስ ገንዘቡን መቀበልንም ይጨምራል የሚለው ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ሒሳብ እንዲገባ በውሉ ላይ ከሰፈረ፣ ወኪሉ የሚያዝበት ነገር ፊርማ ብቻ ይሆናል። ወኪሉ ቤቱን ለራሱ ቢገዛ ባለቤቱ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ባለቤቱ ሲሞትም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል፤ ከሞት በኋላ በአሮጌ ውክልና የተሸጡ ቤቶች የወራሾች ክርክር ምንጭ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቀብድ እስከ ስም ማዛወር

ገዢና ሻጭ በዋጋ ሲስማሙ መጀመሪያ የሚመጣው ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ባለው መሠረት ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ለሻጩ ይህ ከባድ ትርጉም አለው፦ 200,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ በማግሥቱ የተሻለ ገዢ ቢመጣለት፣ ሐሳቡን መለወጥ 400,000 ብር ያስመልሰዋል። ቀብድ በደላላ እጅ እንዲቀመጥ ማድረግ ለሁለቱም ወገን አደጋ አለው።

ቀጥሎ የሽያጭ ውል ይመጣል። የሕጉ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በዚህ መንገድ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ወስኗል። በሌሎች ጉዳዮች ሽያጩ ባልተካደበት ሁኔታ የተለየ አቋም ቢታይም፣ በደላላ ቤት በምስክር ፊት ብቻ የተፈረመ «የመንደር ውል» ለሻጭም ለገዢም አስተማማኝ አይደለም። በፌዴራል ደረጃ ሰነድ የማረጋገጥ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ይመራል፤ በኦሮሚያ የክልሉ አካላት ያከናውኑታል።

ባለትዳሮች የጋራ ቤት ሲሸጡ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን በአንቀጽ 68 ያስቀምጣል፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ የሌላውን ፊርማ አያስቀርም። ያላገባ ወይም የተፋታ ሻጭ ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ቢሆን ማስረጃ ይተዋል። ሻጩ ሲፒኦውን ከመቀበሉ በፊት ባወጣው ባንክ እውነተኛነቱን ማጣራት ይችላል። ዋጋው በክፍል የሚከፈል ከሆነ ቁልፍና የመጨረሻ ፊርማ የሚሰጡበት ቀን ከክፍያው ጋር ተያይዞ ይጻፋል። በመጨረሻም የስም ዝውውሩ በከተማው መዝገብ ይፈጸማል። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2878 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውም። የከተማ ይዞታ ምዝገባም በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የራሱ ሥርዓት ተዘርግቶለታል።

ግብርና ክፍያዎች

ሽያጭ ከኮሚሽን በቀር ሌሎች ወጪዎች አሉት። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት በባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነድ ላይ ከዋጋው 2 በመቶ ይከፈላል፤ ይህን በተለምዶ ገዢው ይሸፍናል። ከተሞች ለስም ዝውውር የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍላሉ፤ መጠኑ ከከተማ ከተማ ይለያያል። የ2008 ዓ.ም. የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ክልሎችም የራሳቸው የገቢ ግብር ሕግ አላቸው። ጥቅም ማለት ቤቱ ከተገኘበት ወይም ከተሠራበት ወጪ በላይ የተገኘው እንጂ ጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ አይደለም። የግንባታ ደረሰኞችንና የቆዩ ውሎችን ያስቀመጠ ሻጭ በዚህ ጊዜ ይጠቀማል። ያልተከፈለ የቦታና የቤት ግብር ካለም ከዝውውሩ በፊት ይጠየቃል።

ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ደላሎች የሚመክሩበት ጊዜ አለ። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚጠቀም ብዙ ጊዜ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ በክርክር ጊዜ ግን ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ ነው። ቀሪ ክፍያ ያልደረሰው ሻጭ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ገንዘብ መጠየቅ ይከብደዋል።

የተለመዱ አደጋዎች

- ሐሰተኛ ገዢ፦ ቤቱን ለማየት ገብቶ የካርታ ኮፒና የመታወቂያ መረጃ የሚሰበስብ። የካርታ ኮፒ ለእያንዳንዱ ጠያቂ መስጠት ለሐሰተኛ ሰነድ መነሻ ይሆናል፤ ዋናው በባለቤቱ እጅ መቆየት አለበት።
- ድርብ ሽያጭ፦ አንድ ቤት በሁለት ደላሎች በኩል ለሁለት ሰዎች ቀብድ የተወሰደበት።
- እዳና እገዳ፦ ቤቱ በባንክ መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ ሆኖ ሳለ ይህ ለገዢ ሳይነገር የሚደረግ ሽያጭ።
- የኮሚሽን ክርክር፦ ቤቱን አንዴ አሳይቶ የጠፋ ደላላ፣ በሌላ በኩል ሽያጩ ሲፈጸም መጥቶ የሚጠይቅበት።
- ያለ ጊዜው ቁልፍ ማስረከብ፦ ሙሉ ዋጋ ሳይከፈል ገዢው ገብቶ የሚቀመጥበት፤ ማስወጣት የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ የቤት ኤጀንት በየግዛቱ ፈተና ወስዶ ፈቃድ ያገኛል፤ የሚሸጡ ቤቶች በጋራ የመረጃ ቋት ስለሚመዘገቡ ኤጀንቶች የአንዱን ቤት ሌላው ይሸጣል። ለረጅም ጊዜ ኮሚሽኑ ከ5 እስከ 6 በመቶ ሆኖ በሻጩ ይከፈልና ለሁለቱ ወገን ኤጀንቶች ይከፋፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የሪልተሮች ማኅበር በዚህ አሠራር ላይ የቀረበበትን ክስ በ418 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮም ለገዢ ኤጀንት የሚከፈለው ኮሚሽን በቋቱ ላይ እንዳይለጠፍ፣ ገዢውም ከኤጀንቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት እንዲያደርግ ተወሰነ። ክርክሩ በኢትዮጵያ ከሚነሣው ብዙ አይርቅም፤ ማን ለማን እንደሚሠራና ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ ይታወቅ የሚል ነው።

ያለ ደላላ መሸጥ

ሕግ ደላላ መጠቀምን አያስገድድም። ሻጩ ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለዕድር አባላት በመንገር፣ በር ላይ ማስታወቂያ በመለጠፍ ወይም በኢንተርኔት ራሱ በማስተዋወቅ ሊሸጥ ይችላል። በትንሽ ከተማ ገዢው ብዙ ጊዜ የአካባቢ ሰው ስለሚሆን ይህ መንገድ ይሠራል፤ ከከተማው ውጭ ያለ ገዢ ለማግኘት ግን የደላሎች ግንኙነት ይረዳል። በሁለቱም መንገድ አስቀድሞ የሚደረገው ነገር አንድ ነው፦ ሻጩ ከአንድ በላይ ሰው ዋጋ ይጠይቃል፣ ካርታውንና የግብር ደረሰኙን ያሟላል፣ በመሬት አስተዳደር ቢሮ እዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራል። እነዚህን የጨረሰ ሻጭ ደላላ ቢቀጥር የሚከፍለው ገዢ ለማግኘት ብቻ ይሆናል።